ያልተነበበው አፕዴት

የመጀመሪያው ፊደል እንኳ አልገጠመም።

ሀሴት ፍላሹን ነቅላ መልሳ ሰካችው። ትዕዛዙን እንደገና ጻፈች። አሮጌው ኮምፒውተር ትንሽ ካጉረመረመ በኋላ ያንኑ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት መልሶ አወጣላት። ስልኳ ላይ ያለው በሰባት ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው በ«ኢ»። የቀረውን ማየት አያስፈልግም ነበር። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አየችው፤ መሀል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ የሚገጥም ይመስል።

የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ከውጭ ኳስ የሚራገጡ ልጆች ጫጫታ ይሰማል። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችውና እጇን ጭኖቿ መሀል ከታ ቁጭ አለች። በዚያ የክበቡ ፍላሽ ላይ ያለውን ባለፈው ቅዳሜ የዶዮገናና የሆመቾ ልጆች ገልብጠው ወስደውታል። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ደግሞ በእሷ እጅ «ተነቧል» ተብሎ ተጽፎለታል።

ክበባቸው «የሆሳዕና ፔንግዊኖች» ይባላል። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ምልክቱ ፔንግዊን ስለሆነ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች ግን በዚህ ሙድ መያዝ አይሰለቻቸውም። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ፣ ውስጡም ለማንም ክፍት የሆነ ነገር ነው። በየአገሩ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ቀዳዳ ሲያገኙበት ይደፍኑታል፤ መድፈኛውንም ለሁሉም ይለቁታል። አፕዴት ማለት ያ ነው። ችግሩ አፕዴት በኢንተርኔት ነው የሚመጣው፤ በሆሳዕና ዙሪያ በሌሞ፣ በሆመቾና በዶዮገና ትምህርት ቤቶች ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ብዙዎቹ ኢንተርኔት አይተው አያውቁም። ስለዚህ አፕዴቱ በፍላሽ ይጓዛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው ገብስና ድንች ጭኖ በሚመጣው ጋሪና ሚኒባስ ላይ አንድ ሁለት ተማሪ አይጠፋም። እናቱን ገበያ አድርሶ፣ ፋይሉን ከኢንተርኔት የሚያወርደው የክበቡ ልጅ የናስረዲን አባት ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ተሰልፎ፣ ፍላሹን አስሞልቶ ይመለሳል።

ከመታደሉ በፊት ግን ይነበባል። ይህን ደንብ ያወጣው ክበቡን የሚመራው ቲቸር ዳኘ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ የማረጋገጫ ቁጥር አለው፤ አንዲት ነገር ከውስጡ ብትነካ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ማስተያየቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ሊሠራው ይችል ነበር፤ ቲቸር ዳኘ ግን ዓይን ሰነፍ ነው፣ የለመደውን ዘሎ ያልፋል፣ በአፍ ይነበብ አለ። አንዱ ከፋይሉ የወጣውን ቁጥር ፊደል በፊደል ያነባል፤ ሌላው ከሠሪዎቹ ገጽ ላይ የተወሰደውን እያየ «አለ» ይላል። ሁለቱም አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው። ሲያልቅ ሀሴት የሳምንቱን ዜና ጽፋ ግሩፑ ላይ ትለቃለች፦ የትኛው ቀዳዳ እንደተደፈነ፣ የየትኛው ትምህርት ቤት ማሽን እንደታመመ፣ ማን ምን እንደጠየቀ። የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ተነቧል፦ ናስረዲን እና ሀሴት።»

ዛሬ ወደዚህ ክፍል የመጣችው ለሚቀጥለው ዜና ልታነብ ነበር። የሠሪዎቹን የደኅንነት ገጽ ስትከፍት ከላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ አየች። የሆነ ሰው የዚህን ወር አፕዴት ወስዶ፣ ውስጡን ነካክቶ፣ ስሙንም መጠኑንም እንዳለ ትቶ በቴሌግራም ቻናሎች በትኖታል ይላል። ሲጭኑት ልክ እንደ ደህናው ይሠራል። በስውር ግን በኪቦርዱ የሚጻፈውን ሁሉ፣ ፓስወርድም ጭምር፣ እየመዘገበ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ወደማይታወቅ ቦታ ይልካል። ከሌላ ቦታ ያወረደ ሰው ማሽኑን ከኔት አውጥቶ እንደ አዲስ ይጫን፤ የሐሰተኛው ቁጥርም ይኸው ይላል።

የሐሰተኛው ቁጥር በ«ኢ» ይጀምራል።

ባለፈው ቅዳሜ ሀሴት ሆሳዕና አልነበረችም። ሌሞ አጎቷ ጋ እንሰት የሚፋቅበት ቀን ነበርና እናቷ ከማለዳው ይዛት ወጥታለች። የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው ሲፍቁ፣ ሲቆርጡ፣ ሲስቁ፣ እሷ ቅጠል እያቀረበች ሳለ ናስረዲን ደወለ። ፋይሉ ወርዷል፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመዋል፣ ቶሎ ነይ አላት። እሷ መምጣት አልችልም፣ እዚህ ጥዬ ብሄድ እናቴ ትገድለኛለች አለችው። ከዚያ ለምን በስልክ አናነብም ያለችው ራሷ ናት። የሠሪዎቹን ቁጥር ሌሊቱን ከገጹ ላይ ስልኳ ላይ አስቀርታው ስለነበር በቂ መስሏት ነበር።

የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ናስረዲን «ሰባት፣ ሲ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ቢ» እያለ ያነባል፣ እሷ «አለ፣ አለ፣ አለ» ትላለች። ሴቶቹ መፋቂያቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። አንዷ አክስቷ በሀዲይኛ ይህቺ ልጅ በልሳን እየጸለየች ነው እንዴ ብላ ጠየቀች፤ ሌላዋ ዝም በያት፣ «አሜን» ማለት አቅቷት ነው አለች። ሀሴት በሣቅ እየፈረሰች እስከ መጨረሻው ፊደል «አለ» አለች። ሁሉም ገጥሟል። እጇ በእንሰት ውኃ እንደረጠበ «ተነቧል» ብላ ጽፋ ላከች።

ታዲያ ቁጥሩ በ«ኢ» የሚጀምር ፋይል በሰባት ተጀምሮ እንዴት ተነበበላት?

ይህን ስትጠይቅ መልሱ ወዲያው መጣላት። እንዲያ ቶሎ መምጣቱ ነው ያስጠላት።

ሱቁ ስትደርስ የናስረዲን አባት ጋሽ መሐመድአሚን ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ወደ መስጊድ ሄደዋል። ናስረዲን ብቻውን የአንዲት ሴትዮ መታወቂያ ኮፒ እያደረገ ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ፍላሹን አንብቤው መጣሁ» አለችው።

«የቱን ፍላሽ?»

«ናስሩ።»

የማሽኑን ክዳን ከፈተ፣ ባዶውን መስታወት አየና ዘጋው። በመጀመሪያ ፋይሉ ሲገለበጥ ተበላሽቶ ይሆናል አላት። ቀጥሎ ሠሪዎቹ ቁጥሩን ቀይረውት ሊሆን ይችላል አለ። ሀሴት ስልኳን ከፍታ ማስጠንቀቂያውን አሳየችው። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ከሥር ጀምሮ እንደገና አነበበው።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። በዚያ ቅዳሜ ኔት እየተቆራረጠ ፋይሉ ሊያልቅ ሲል ይሞታል፣ እንደገና ይጀመራል፣ እንደገና ይሞታል። አባቱ መስመሩን ያዝከው፣ ደንበኛ እየተመለሰ ነው እያሉ ይጮሁበታል። ዝናቡ መጣ። ከዶዮገና የመጣው አቤሴሎምና የሆመቾ ልጆች በረንዳው ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ የመልስ መኪናቸው ሊሄድባቸው ነው። አንዱ የሆመቾ ልጅ «ፔንግዊን በረዶ ካላገኘ አይሠራም እንዴ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ናስረዲን ባዶ እጃቸውን ሊመልሳቸው አልፈለገም። አንድ ቻናል ላይ ያው ፋይል፣ በያው ስም፣ በያው መጠን ተቀምጦ አገኘ። ተጫነው፤ ወዲያው ወረደ።

«ታዲያ በስልክ ያነበብክልኝ ምኑን ነው?» አለችው።

«ገጹን።»

«እኔም የያዝኩት ገጹን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለታችን አንድ ነገር ይዘን ነዋ ስንነባበብ የነበረው።»

ናስረዲን ከፋይሉ የሚወጣውን ቁጥር ለማየት እንኳ እንዳልሞከረ ገባት። ቢያየው ኖሮ አይገጥምም ነበር፤ ካልገጠመ ደግሞ በረንዳው ላይ ያሉትን ልጆች ሊያሰናብት ነው። ስለዚህ አላየውም።

«ስሚኝ፣ አታካብጂው» አለ በመጨረሻ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በፍጥነት ማውራት ጀመረ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ሁሉም ይመጣሉ። ዛሬ ማታ ትክክለኛውን ከገጹ ላይ ያወርደዋል፣ ቁጭ ብለው በደንቡ ያነቡታል፣ ከዚያ እሷ ዜናው ላይ የተሻሻለ አፕዴት መጥቷልና ያለፈውን አጥፍታችሁ ይህን ጫኑ ብላ ትጽፋለች። ይህ ውሸት አይደለም። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይዋረድም።

«እስከ ቅዳሜስ? ዶዮገና እኮ ባለፈው ወር ኔት ገብቶላቸዋል።»

«እስከ ቅዳሜ ማን ዶዮገናን ብሎ ይሰልላል? እስቲ በናትሽ።»

ሀሴት ስልኳን ኪሷ ከተተች። እሱም ልትሄድበት መስሎት ቀጠለ። ዳይሬክተሩ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ለተማሪ የሰጠው እሱን አምኖ ነው፤ ይህ ከተሰማ ቁልፉ ብቻ ሳይሆን ክፍሉም ይዘጋል፤ ከዛሬ ነገ ዕቃ ማከማቻ ላድርገው እያለ ነው። አባቱም መስመሩን ሊከለክሉት እንዲህ ያለ ምክንያት ነው የሚጠብቁት። ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ ቀና አለና ዓይኗን አያት።

«ደሞ በስልክ ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው።

ጋሽ መሐመድአሚን የገቡት ያኔ ነው። ሀሴትን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ እናትሽ እንዴት ናት፣ እንሰቱ በሰላም ተፋቀ ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ ይህ ልጅ ድሮ ከኳስ ሌላ አያውቅም ነበር፣ አሁን ከዶዮገና ድረስ ሰው ፈልጎት ሲመጣ ሳይ ለዕድሬ ሰዎች ሳልናገር አልውልም አሏት። ናስረዲን ወረቀት የሚፈልግ መስሎ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰ። እሳቸው እስኪጨርሱ ቀና አላለም።

ሀሴት እቤቷ ስትገባ እናቷ ገና ከሥራ አልተመለሰችም። በሩ ላይ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ናስረዲን ያለውን ዓይነት ዜና ጻፈች። ቆንጆ ዜና ነበር። በቅርቡ ስለተገኘ ቀዳዳ ሁለት መስመር፤ ከሆመቾ፦ ሞቶ የነበረው ሦስተኛው ማሽን ራም ተቀይሮለት ተነሥቷል፣ ቀብሩ ተሰርዟል፤ ከዶዮገና፦ ኪቦርድ ላይ ሻይ የሚደፋ አንድ ሰው አለ፣ ስሙን አንጠራም። ከዚያ፦ የተሻሻለ አፕዴት ስለመጣ ቅዳሜ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ። አንድም ሐሰት ቃል አልነበረበትም። ልትልከው ጣቷን ስታቀርብ የአቤሴሎም የድምፅ መልእክት ገባ።

አቤሴሎም ከዶዮገና ልጆች ሁሉ ቀልደኛው ነው። ያ ንባብ ከቤተ ክርስቲያን ነገር ጋር ስለሚመሳሰልበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ፓስተር» ነው የሚላት።

«ፓስተር ሀሴት፣ ሰላም ለቤትሽ» ይላል ድምፁ፤ ከኋላው የብዙ ሰው ወሬ ይሰማል። «አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ማለት መምህሮቹ ናቸው የጠየቁኝ። ከዛሬ ጀምረው የተማሪ ማርክ በኛ ማሽን ነው የሚያስገቡት፣ አርብ ማለቅ አለበት። ደህና ነው ወይ አሉኝ። እኔ ሀሴት ‹አለ› ብላበታለች፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ አልኳቸው። ልክ ነኝ አይደል? አዎ በዪኝና ይግቡ። ደሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹን ኢሜይል እያስከፈትኳቸው ነው። አንዷ ልጅ ፓስወርዷን ጮክ ብላ እየተናገረች አስቸገረችኝ፣ ፓስወርድ ለማንም አይነገርም ስላት ‹ለኮምፒውተሩስ?› አትለኝም?»

ሣቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። መልእክቱ አልቋል።

ሀሴት መልሳ አልሰማችውም። የጻፈችውን ዜና አየች። ናስረዲን ጠረጴዛ ሥር ያጎነበሰበት ጀርባው ፊቷ ድቅን አለ፤ ሦስተኛ ክፍል ሆነው ከአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡበት ጊዜ፣ በአማርኛ አነጋገሯ ሲስቁባት እሱ የክፍሉን ትልቁን ልጅ ገፍቶ የራሱን ጥርስ ያጣበት ቀን መጣ። ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣ። ደወለችለት። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግማ ደወለች። አላነሳም።

ከዚያ አቤሴሎም ጋ ደወለች።

«ፓስተር፣ በቀጥታ መልስ?» አለ።

«አቤሴሎም፣ የኔቱን ገመድ ንቀል።»

«ኧረ? እንዴት?»

«አሁን ንቀል። መምህሮቹ ምንም እንዳይጽፉ። ከዚያ ልንገርህ።»

ወንበር ሲጎተት ሰማች፤ አንድ መምህር ምን ሆነሃል ሲል፤ አቤሴሎም ይቅርታ ሲል። ተመልሶ ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ ሌላ ነበር። ሀሴት ሁሉንም ነገረችው፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራ፣ በስልክ እንዴት እንደተነበበ። ማስረዳቱ ካሰበችው በላይ አጭር ነበር። ሲያልቅ ከአቤሴሎም በኩል በር ሲዘጋ ሰማች።

«ግን አንቺ ‹አለ› ብለሽ ነበር» አላት።

«ብዬ ነበር። ፋይሉን ሳላየው ነው ያልኩት።»

«እኔ እኮ ያንቺን ስም ነው የነገርኳቸው» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ኢሜይል የከፈቱትን ልጆች አሁኑኑ በስልካቸው ፓስወርድ እንዲቀይሩ ንገራቸው ስትለው እሺ ብቻ ብሎ ዘጋው።

ቆንጆውን ዜና አጠፋችው። በምትኩ የጻፈችው አጭር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የታደለው አፕዴት ሐሰተኛ ነው። ኔት ያለው ማሽን ላይ የጫናችሁ አሁኑኑ ገመዱን ንቀሉ፤ ኔት የሌላችሁም አትጠቀሙበት። እዚያ ላይ ፓስወርድ የጻፋችሁ ሁሉ ከሌላ ማሽን ሄዳችሁ ቀይሩ። ፋይሉ ከሠሪዎቹ ገጽ የመጣ አይደለም። ንባቡ በስልክ ነበር፤ በስልክ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፋይሉን አላየሁትም።

የናስረዲንን ስም አልጻፈችም። ግን በሆሳዕና ፔንግዊኖች ውስጥ ፋይል የሚያወርደው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ይህንንም ታውቃለች። የመጨረሻው መስመር ላይ ብዙ ቆየች። ሁለት ስም የለመደ መስመር ነው። «አልተነበበም፦ ሀሴት» ብላ ጻፈችና ላከችው።

መልስ ይዘንብ ጀመር። የሆመቾው ልጅ ፔንግዊኑ በሽታ ይዞ መጣ አለ። ሌላው እኛ ቤተሰብ ብለን አምነን አለ። አንዲት የሌሞ ልጅ ምን ላድርግ፣ ደረጃ በደረጃ ጻፊልን ብላ ጠየቀች፤ ሀሴት ለእሷ መልስ እየጻፈች ሳለ ከሥር በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ወጣ። ናስረዲን ግሩፑን ለቋል።

ቲቸር ዳኘ ወዲያው ደወለ። አልጮኸም፤ ግን እንደ ሌላ ጊዜውም «ጎበዝ» አላለም። ለዳይሬክተሩ ጠዋት እንደሚነግረው፣ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ምን እንደሚሆን እሱም እንደማያውቅ ነገራት። የዶዮገና መምህራን ማርኩን እስከ አርብ ማስገባት ስላለባቸው ነገ አንድ ሰው ሄዶ ማሽኖቹ ላይ ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን አለበት፣ እሱ ተማሪ ስለሚፈትን አይችልም አለ። ሀሴት እሄዳለሁ አለች። እናቷ ማታ ይህን ስትሰማ፣ የሰው ኮምፒውተር ስለተበላሸ ካንቺ ትምህርት ምን አገናኘው ብላ ብዙ ተናገረች፤ በኋላ ግን ዶዮገና ብርድ ነው ብላ የራሷን ጋቢ አወጣችላት።

ጠዋት መናኸሪያው ጉም ነበር። የዶዮገናው ሚኒባስ ግማሽ ሞልቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ሀሴት መስኮት ዳር ተቀምጣ ኪሷ ውስጥ ያለውን ፍላሽ ትዳብሳለች። ከወራት በፊት በደንቡ የተነበበው የመጫኛው ፍላሽ ነው። ማሽኖቹን በእሱ መጫን ይቻላል፤ ግን አሮጌ ነው፣ የዚህ ወር ቀዳዳ አይደፈንበትም። ማርኩን ግን ለአርብ ያደርሳል። አቤሴሎም የኮምፒውተር ክፍላቸው በር ላይ እንደሚጠብቃት ጽፎላታል። «ፓስተር» አላላትም።

መኪናው ሞላ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ መስታወቱ ተንኳኳ።

ናስረዲን ነው። ዩኒፎርሙን ለብሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። መስኮቱን ስትከፍት ሰላም አላላትም። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ፍላሽ አሳያት።

«የዚህ ወር ነው» አለ። «ከራሱ ከገጹ። ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው።»

«ተነቧል?»

ከንፈሩን ነከሰ። ሊመልስ ሲል ቆመ፤ ወደ ሾፌሩ፣ ወደ ረዳቱ፣ እንደገና ወደ እሷ አየ።

«አልተነበበም» አለ። «ብቻዬን ነበርኩ። ስትደርሺ በስልክ...» አለና ራሱ አቋረጠው። አንገቱን ደፋ።

ሀሴት ፍላሹን አልተቀበለችም። አሁን ብትሄድ አቤሴሎም ሳይጠብቅ ትደርሳለች፤ መምህራኑ ዛሬውኑ ይጀምራሉ፤ ናስረዲንን ሌላ ቀን ማየት ይቻላል፣ ላለማየትም ይቻላል። አሁንም ተናዳበታለች። ትናንት በስልክ ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ ያለበት ድምፅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ግሩፑን ጥሎ መሄዱም ከልቧ አልጠፋም።

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

«ቀጣዩ መኪና መቼ ነው የሚወጣው?» አለችው።

«ሲሞላ ነዋ።»

ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉላት። ጋቢዋን ይዛ፣ የሰዎችን ጉልበት እየታከከች ወረደች። ረዳቱ አጉረምርሞ ቦታዋን ወዲያው ለሌላ ሰው ሸጠው። «ሱቁን ክፈት፤ አንተ ከፋይሉ ታነባለህ፣ እኔ ከገጹ አያለሁ» አለችው ናስረዲንን።